ማክሰኞ እሁድ የሆነበት ከሰዓት

ባለፈው ወር ሐዋሳ ዓይኔን በጨረር ልታከም ሄጄ፣ የሕክምናው ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ ሳቄ አመለጠኝ። ስኳሬ ከዓይኔ ጀርባ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች እያበላሸብኝ ስለነበር ወጣቱ ዶክተር በሌዘር ሊደፍንልኝ ነበር። አገጬን መደገፊያው ላይ አሳርፌ ግንባሬን ወደ መሣሪያው አስጠጋሁ። "ቀይዋን ነጥብ ይመልከቱ፤ ምንም እንዳይንቀሳቀሱ" አለኝ። ተመለከትኩ። ነጥቧ እንደ ተራ መብራት ልሙጥ አልነበረችም። ውስጧ ጥቃቅን ቀይና ጥቁር ፍንጣሪዎች ይርመሰመሳሉ፤ ሊፈላ የተቃረበ ውኃ ነው የምትመስለው።

ሳቁ የመጣው ያኔ ነው። ዶክተሩ እጁን ከመሣሪያው አንስቶ ምን እንዳሳቀኝ ጠየቀኝ። የድሮ ወዳጄን አግኝቼ ነው አልኩት። ነርሷን ዞር ብሎ ሲያያት ታወቀኝ፤ ሽማግሌው ደንግጧል ማለቱ ነው። ከዚያ ስለ ሌዘር ያስረዳኝ ጀመር፤ ጨረሩ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ ለምን እንደማያሳምም። አንድም ቃል ሳልተነፍስ አዳመጥኩት። በሰው ሥራ መግባት አልወድም፤ ደግሞም ልጁ በደንብ ነበር የሚያስረዳው። በዚያ ዕለት የቀኝ ዓይኔ አለቀልኝ፤ ለግራው በወሩ እንድመለስ ተቀጠርኩ። ዲላ እስክደርስ ድረስ፣ አንድ ዓይኔ ተሸፍኖ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ለብቻዬ ስስቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ፣ እዚሁ ዲላ፣ ሕንጻው ጥቂት ችግኙ ብዙ በነበረ አንድ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ "የሌዘር ምርምር ማዕከል የቴክኒክ ልማት ኃላፊ" ነበርኩ። ስሙን ስትሰሙ ነጭ ጋዋን የለበሱ ሰዎች በረድፍ ተቀምጠው አይታዩአችሁ። ማዕከሉ አንድ ክፍል ነበር፤ ቀድሞ የተሰባበረ ወንበር ይከማችበት የነበረ። ሠራተኞቹም ሁለት ነበርን፤ እኔና ዳንኤል፣ በኮንትራት የተቀጠረ የኢዲዶ ተወላጅ ቴክኒሻን። ማዕረጌ በሩ ላይ በወረቀት ተለጥፎ ስለነበር እናቴ ጎረቤቶቿን አስከትላ መጥታ አስነብባቸዋለች። እኔም፣ መደበቅ ምን ያደርጋል፣ በዚያች ወረቀት አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር ደረቴ ይነፋ ነበር።

ያለን ንብረት በእርዳታ የመጣ ክንድ የሚያህል ቀይ ሌዘር፣ ከተበላሸ ፕሮጀክተር የፈታነው ሌንስ፣ አንድ አሮጌ ካሜራና ሲነሳ ሩብ ሰዓት የሚፈጅ ኮምፒዩተር ነው። ጠረጴዛችንን ከሲሚንቶ አስሠራነው። መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነን በሩን ስንዘጋ ክፍሉ ድቅድቅ ይልና ያቺ ቀይ ክር ብቻ ከግድግዳ ግድግዳ ተወጥራ ትታያለች። ከግድግዳው ማዶ ደግሞ ወደ ሞያሌ የሚወርደው አስፋልት አለ። ቡናና ብረት የጫኑ ተሳቢዎች ቀኑን ሙሉ ሽቅብ ቁልቁል ይሉበታል። ይህችን አስፋልት አትርሷት፤ እኔ ረስቻት ነው ጉድ የሆንኩት።

ሌዘሩን በቡና ላይ እንሞክረው የሚለው ሐሳብ የዳንኤል ነው። አባቱ ኢዲዶ ውስጥ ከእንሰቱ ጥላ ሥር ቡና ያለማሉ። የታጠበ ቡና ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ፣ ቀድሞ ከተነሳ ይሻግታል፤ ከዘገየ ይሰነጠቅና ጣዕሙ ይጠፋል። መቼ ይነሳ የሚለው በየዓመቱ ያጨቃጭቃል፤ ነጋዴው ገና እርጥብ ነው ይላል፣ ገበሬው ደርቋል ይላል። ዳንኤል አንድ ቀን የአቮካዶ ጭማቂ እየጠጣን፣ ሌዘር ስንት ነገር ይለካል ትለኛለህ፣ ይሄን ጭቅጭቅ አይለካም ወይ አለኝ። ጭማቂዬን ሳልጨርስ ነው የተነሳሁት።

የሌዘር ብርሃን አንድ ነገር ላይ ሲያርፍ ጨው የተበተነበት ይመስል ፍንጣሪ ፍንጣሪ ይሆናል። ያ ነገር ውስጡ እርጥበት ካለውና ከተንቀሳቀሰ ፍንጣሪውም አብሮት ይንቀሳቀሳል። እርጥብ የቡና ፍሬ ላይ ብርሃኑ ይፈላል፤ እየደረቀ ሲሄድ መፍላቱ ይቀንስና በመጨረሻ ጸጥ ይላል። እኛ "ተኛ" እንለው ነበር። ኮምፒዩተሩ የፍላቱን መጠን በቁጥር ያወጣል፤ ከፍ ካለ እርጥብ ነው፣ ዝቅ ካለ ደርቋል። ነገሩ በቃ ይኸው ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ፍሬው ላይ ብርሃኑ ሲፈላ፣ ከዚያም በደረቀው ላይ ጭጭ ሲል ያየሁት አንድ እሁድ ጠዋት ነው። ለብቻዬ ነበርኩ። ጨለማው ውስጥ ቆሜ ያጨበጨብኩት ዛሬም ያሳፍረኛል፤ ማንም አልነበረም እኮ። ሰኞ ዕለት ዳንኤልን እየጎተትኩ አስገባሁት፤ ግን ቁጥሩ ዘባረቀ፣ የደረቀውም ይፈላል። የመብራት ኃይሉ ይዋዥቃል ማለት ነው አልን። በሚቀጥለው እሁድ እንደገና ገብቼ ሞከርኩ፤ ፍጹም ነበር። ዲላ ውስጥ በሥራ ቀን መብራቱ እንደማይታመን ማን ያጣዋል? እናም በሥራ ቀን የወጣውን ቁጥር ሁሉ "መብራት" እያልኩ እየሰረዝኩ፣ የእሁዱን ብቻ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ደብተሬ ላይ እገለብጥ ነበር። ዳንኤል ራሱ ደህና አድርጎ ያየው የገና ዕለት ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የበዓል ልብሱን እንደለበሰ መጥቶ፣ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ዝም ማለት አቅቶት ዋለ።

እናቴ በዚህ ነገር አዝናብኝ ነበር። አባቴ ከሰሜን መጥቶ ዲላ ከከተመ ጀምሮ ቤታችን እሁድ ቅዳሴ ቀርቶ አያውቅም። "እግዜርን በቀይ መብራት ለወጥከው" ትለኝ ነበር፤ ነጠላዋን እያጣፋች። ሳይንስ ቀን አይመርጥም ብዬ እመልስላታለሁ። ወጣት ሆኖ ሞኝ መሆን ይቻላል፤ እኔ ደግሞ በጽሑፍ የተደገፈ ሞኝ ነበርኩ።

እንግዲህ በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ላይ ክፍላችን ተፈለገ። ለኮምፒዩተር ሥልጠና ቦታ ጠፍቶ የግቢው የቦታ ኮሚቴ ዓይኑን እኛ ላይ ጣለ። ሰብሳቢው በዕድሜ የገፉ፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ዶክተር ነበሩ። ደብተሬን ይዤ ቢሯቸው ገባሁ፤ ገጾቹን አንድ በአንድ ገልጠው አዩና ቁጥሩ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ቡና ካለበት ቦታ ሄዳችሁ አሳዩኝ አሉ። ኮንጋ ያለ አንድ ቡና ማጠቢያ ተመረጠ። ቀኑ ማክሰኞ። በድርቀታቸው ከሚለያዩ ሦስት አልጋዎች በሦስት ጣሳ ፍሬ ይመጣል፤ የትኛው ከየትኛው እንደሆነ እሳቸው ብቻ በወረቀት ጽፈው ኪሳቸው ይይዛሉ። ካወቅን ክፍሉ የእኛ ነው። ካላወቅን ሌዘሩ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይገባል፣ የዳንኤልም ኮንትራት እዚያው ላይ ያበቃል። ዳንኤል ይህን ስነግረው ሳቀ። ገናን አይቷል እኮ።

ኅዳር ነበር። የቡና ወቅት ስለሆነ መንገዱ ሁሉ ሰው ነው። ሌዘሩንና ካሜራውን ያስገባንበትን፣ ጥቁር ቀለም ያስቀባነውን ሳጥን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ዳንኤልም ኮምፒዩተሩን ታቅፎ፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወጣን። ወናጎ ላይ አናናስ የሚሸጡ ሴቶች በመስኮት እየዘረጉ ሳጥኑ ላይ ሊያስቀምጡ ሲሉ ሁለቱንም ክንዶቼን ዘርግቼ ተከላከልኩ። ከዚያ ጭጋጉ ወረደና ከእንሰቱ ቅጠል በቀር የሚታይ ነገር ጠፋ። ይርጋጨፌ ስንደርስ ዳንኤል አንዲት ቤት አስገባኝና ትኩስ ቆጮ በጎመን አቀረቡልን። ጎመኑ ቃሪያው በዝቶበት ዓይኔን አስለቀሰኝ። እስካሁን ከበላሁት ቁርስ ሁሉ እሱን የሚያክል የለም፤ ረሃቡ ይሁን ደስታው አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ሁለት ሞተር ሳይክል ይዘን ቀዩን ጭቃ እየቀዘፍን ኮንጋ ገባን። ማጠቢያው ገና ሳይታይ የቡናው መብላላት ሽታ፣ ያ እንደ ጠላ ጭንቅላት የሚኮረኩመው፣ አገኘን።

እዚያ የተቀበሉን እትዬ አስቴር ነበሩ፤ ብልሹውን ፍሬ ከደህናው የሚለቅሙት ሴቶች አለቃ። ሰፊ ትከሻ፣ ራሳቸው ላይ ቢጫ ሻሽ፣ እሁድ እሁድ የቤተ ክርስቲያናቸውን መዘምራን የሚመሩ የጌዴኦ ሴት። ቡና መድረሱን በጆሮ ነው የሚያውቁት። እፍኝ ሙሉ ይዘው ጆሯቸው አጠገብ ያንሿሿሉ፣ ከዚያ አልጋው ይነሳ ወይም ይቆይ ይላሉ። ተሳስተው እንደማያውቁ ዳንኤል ነግሮኝ ነበር። እና እኔ፣ አፌ ስለማያርፍ፣ ታዲያ እርስዎ እያሉ ይህ መሣሪያ ምን ያደርግልዎታል ብዬ ጠየቅኳቸው።

"የኔ ጆሮ ማኅተም የላትም፣ መምህር" አሉኝ። "ነጋዴው ሲመጣ ጆሮዬን ማን ያምናታል? ይቺ ሳጥን ከኔ ጋር አንድ ዓይነት ብትናገር ግን ወረቀት አለ።"

ስለ ሳጥኗ ያኔ ብዙ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ከዚህ የተሻለ አንድም አልነበረበትም።

መልቀሚያው ዳስ ሥር ጠረጴዛ ተሰጠን። ኮሚቴው በአራት ሰዓት ይመጣል ተብሎ ነበር፤ መብራቱ ደግሞ ከንጋት ጀምሮ ጠፍቷል። ስለዚህ ሳንሞክር ጠበቅን። ጭጋጉ ተነሳ፣ ፀሐይ አልጋዎቹ ላይ ወጣች፣ ሴቶቹ እየዘመሩ ፍሬውን ያገላብጣሉ። አምስት ሰዓት ሆነ፣ ስድስት ሆነ። ኮሚቴው ይርጋጨፌ ምሳ ላይ ነው የሚል ወሬ መጣ። ስምንት ሰዓት ሲያልፍ መብራቱም መኪናቸውም አንድ ላይ መጡ። ገበሬዎቹም በዚያው ሰዓት ከየጓሯቸው የለቀሙትን ቀይ እሸት በከረጢት ተሸክመው ይጎርፉ ጀመር፤ በናፍጣ የሚሠራው መፈልፈያ ማሽንም ተነሳ። ቡና ማጠቢያ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል፤ ያላየ ገበያና ወፍጮ ቤት አንድ ግቢ ገብተው ያስብ።

ሰብሳቢው ቸኩለው ነበር። ንግግር የለም፣ መክፈቻ የለም፤ ሦስቱን ጣሳዎች አስቀምጡና ጀምሩ አሉ። የመጀመሪያውን ፍሬ ከገለፈቱ ልጬ ከብርሃኑ ሥር አደረግሁ። ፈላ። ጥሩ፣ ይሄ እርጥቡ ነው አልኩ በልቤ። ሁለተኛውን አደረግሁ። እሱም ፈላ። ሦስተኛውም ፈላ፣ እንዲያውም ከሁሉ በላይ። ኮምፒዩተሩ ሦስቱንም ገና ትናንት ከዛፍ የወረዱ አደረጋቸው።

ደገምኩ። ሌንሱን ጠረግሁ፤ ዳንኤል ገመዱን ቀየረ። ያው ነው። ከኋላዬ ሰው እየተሰበሰበ ነበር፤ ከረጢታቸውን ያስረከቡት ገበሬዎች፣ ለቃሚዎቹ፣ የመኪናው ሾፌር። "መብራቱ ይዋዥቃል" አልኩ፤ ምላሴ ለምዶታል። ዳንኤል ግን የኤሌክትሪክ መለኪያውን ሰክቶ አየና አንገቱን ነቀነቀ። መብራቱ ቀጥ ያለ ነበር።

ቀጥሎ ዳንኤል ያደረገው ነገር መቼም አይረሳኝም። ጎንበስ አለና ከመሬት አንዲት ጠጠር አንስቶ፣ በሸሚዙ ጠርጎ፣ የቡናው ቦታ ላይ አስቀመጣት። ሁላችንም ስክሪኑን ተመለከትን። ጠጠሯ ፈላች።

ከኋላ ሳቅ ተነሳ። አንድ ገበሬ በጌዴኦኛ አንድ ነገር ጣል አደረገ፤ ዳንኤል በኋላ እንደነገረኝ፣ ድንጋይም ሕይወት ካለው እኛ ለምን እንሞታለን ነው ያለው። እኔ ግን አልሳቅሁም። እጄን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። እንጨቱ መዳፌ ሥር በስሱ ይንቀጠቀጣል። ማሽኑ፣ የሰዉ እግር፣ የሚወረወረው ከረጢት፣ ሁሉም በመሬቱ አልፎ እጄ ላይ ደርሷል። ፍሬው አይደለም የሚፈላው፣ ጠረጴዛው ነው የሚያፈላው።

ታዲያ ዲላ ለምን ልክ ሆነ? አስፋልቱ ግድግዳው ሥር አይደለም? ደብተሬን አወጣሁ። በጥሩ እጅ ጽሑፍ የተገለበጡት ገጾች ላይ ያሉትን ቀኖች በጣቴ እየቆጠርኩ ወረድኩ። እሁድ። እሁድ። ገና። እሁድ። አንድም የሥራ ቀን የለበትም። ዲላ ግማሹ ቅዳሴ፣ ግማሹ አምልኮ ላይ ሆኖ፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ ተሳቢዎቹ ቆመው፣ ከተማው በሙሉ ጸጥ ባለበት ሰዓት ነው እኔ የለካሁት። መብራቱ በጭራሽ አልነበረም። ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ ሲጸልይልኝ ኖሮ፣ እኔ የራሴ ጥበብ መስሎኝ ስኩራራ ከርሜያለሁ። በድንጋጤ መሐል ደስታ ይሰማል ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ ግን ተሰማኝ። መሣሪያው አልተሳሳተም ነበርና። ምን እንደሚያስፈልገው ሳላውቅለት የቀረሁት እኔ ነኝ።

ወደ ማሽኑ ሠራተኛ ሮጬ ለሁለት ደቂቃ ብቻ እንዲያቆምልኝ ለመንኩት። የሚጠብቀውን የእሸት ክምር በአገጩ አሳየኝና አይሆንም አለ። ሰብሳቢው ሰምተዋል። ሰዓታቸውን አይተው፣ ሳይቆጡ፣ የሚገባውን ጥያቄ ጠየቁኝ።

"ሰው ሁሉ ቆሞ፣ ማሽን ሁሉ ጠፍቶ የሚሠራ መሣሪያ ለማን ይጠቅማል?"

ወረቀታቸውን ከኪሳቸው ሳያወጡ ወደ መኪናው ሊዞሩ ሲሉ፣ ዳንኤል ወደ እትዬ አስቴር ተጠግቶ በጌዴኦኛ ሲያንሾካሹክ አየሁት። ሴትየዋ ሳጥኗን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ሻሻቸውን አስተካክለው መሐል ላይ ቆሙ።

"ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አሉ። "ይሄ ስብሰባችን በጸሎት አልተከፈተችም። እኛ ጋ እንዲህ አይደረግም።"

እውነት ነበር። በዚያ አገር ሰው ተሰብስቦ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ ጉዳይ፣ ሳይጸለይ አይጀመርም፤ ኮሚቴው በጥድፊያ ዘሎት ነው። ሰብሳቢው ምን ይበሉ? ባርኔጣቸውን አወለቁ። እትዬ አስቴር ወደ ማሽኑ አንዴ ተመለከቱ፤ ያ እኔን እንቢ ያለኝ ሰውዬ ከመዘምራኖቻቸው አንዱ ነበር። ሞተሩ አጉረመረመና ቆመ። ከረጢት የተሸከመው ከነሸክሙ ቀጥ አለ፣ ሴቶቹ ከየአልጋው ሥር ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ሕፃናት እንኳ ዝም አሉ። ውኃው ብቻ በቦዩ ይወርዳል። ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ኮንጋ ውስጥ፣ እሁድ ሆነ።

እትዬ አስቴር ጸሎቱን ጀመሩ። እኔና ዳንኤል ብቻ ዓይናችንን ገልጠን ነበር። ጠጠሯ አሁንም ከብርሃኑ ሥር ናት፤ ፍንጣሪው ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ መርመስመሱን ተወና ቀጥ አለ። ድንጋዩ ድንጋይ ሆነ። ዳንኤል ጠጠሯን አነሳ፤ እኔ የመጀመሪያውን ጣሳ ፍሬ አስቀመጥኩ። እስኪረጋ ጠበቅን፤ ለስለስ ብሎ ይፈላል። ዳንኤል ቁጥሩን ጻፈ። ሁለተኛውን አስቀመጥኩ፤ ተኛ። ጭጭ ብሎ ተኛ። ልቤ ደረቴን ሰብሮ ይወጣ መሰለኝ፤ እንዲያውም የልቤ ምት ጠረጴዛውን እንዳያናውጠው ብዬ ከጠረጴዛው ራቅ አልኩ። ቂል ሐሳብ ነው፤ ግን በዚያ ቀን ከዚያ የባሰም አስቤያለሁ።

ሦስተኛው ጣሳ ቀርቶ ጸሎቱ የሚያልቅ መሰለ። የእትዬ አስቴር ድምፅ ወደ ታች ወረደ፣ ሰዉ አሜን ሊል ትንፋሽ ሳበ። ዳንኤል በጭንቀት ቀና ብሎ አያቸው። ሴትየዋ አንድ ዓይናቸውን ብቻ በጥቂቱ ገልጠው ጣሳውን አዩ። ወዲያው ድምፃቸው ከፍ አለና እንደገና ቀጠሉ። ዳንኤል በኋላ ሲተረጉምልኝ፣ ስለ ዝናቡ ጸልየው ጨርሰው ስለነበር ስለ መንገዱ ጸለዩ፣ ከዚያ ስለ ዩኒቨርሲቲው፣ ከዚያ ስለ ሰብሳቢው ጤና፣ በመጨረሻም ስለ መኪናው ጎማ። ሦስተኛው ፍሬ ፈላ፤ ከመጀመሪያው በላይ ፈላ። ዳንኤል ጻፈና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እትዬ አስቴር በሰላም ደመደሙት። መቶ አፍ አንድ ላይ አሜን ሲል ስክሪኑ ላይ ያለው ብርሃን ሲናወጥ አየሁት።

"ሁለተኛው ጣሳ የደረሰ ነው" አልኩ። "አንደኛው መንገድ ላይ ነው። ሦስተኛው ገና ትናንት ወይም ከትናንት ወዲያ የተሰጣ።"

ሰብሳቢው ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው መነጽራቸውን አደረጉ። ከአንዴም ሁለቴ አነበቡት፤ ከዚያ ወረቀቱን ለእትዬ አስቴር ሰጧቸው። እሳቸው ከማንበባቸው በፊት ከሁለተኛው ጣሳ እፍኝ ዘግነው ጆሯቸው አጠገብ አንሿሿሉት። ፊታቸው ፈካ። እልልታው ከአልጋ አልጋ እየተቀባበለ እስከ ላይኛው እንሰት ድረስ ሄደ። ዳንኤል አቅፎ ከመሬት አነሳኝ፤ እኔም ማንነቱን የማላውቀውን አንድ ገበሬ አቀፍኩ።

ሰብሳቢው ሁካታው እስኪበርድ ጠበቁና፣ ታዲያ መጀመሪያ ለምን እምቢ አለ ብለው ጠየቁኝ። "መብራት" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ተቀምጦ ነበር። ማንም አይጠይቀኝም፤ ክፍሉ በእጄ ነው፤ የዳንኤልም እንጀራ በእጄ ነው። ዳንኤልን አየሁት፤ እሱ ግን ያችን ጠጠር በጣቶቹ መሐል እያገላበጠ ነበር። ደብተሬን ገልጬ ለሰብሳቢው ሰጠኋቸውና እውነቱን ነገርኳቸው፤ ቁጥሮቹ ሁሉ የእሁድ መሆናቸውን፣ የሥራ ቀኖቹን እየሰረዝኩ መክረሜን፣ አሁንም ጸሎቱ ባይሆን እንደማላውቅ። "እሁድ ብቻ የሚሠራ መሣሪያ ነው የሠራሁት" አልኳቸው። ያን ማለት እንዴት እንደከበደኝ፣ ብዬም ስጨርስ እንዴት እንደቀለለኝ ዛሬም ይሰማኛል።

ደብተሩን ዘግተው መለሱልኝ። እትዬ አስቴርን አዩአቸው፤ ሴትየዋ የዋሸሁት የለም፣ ሁሉንም ከልቤ ነው የለመንኩት አሉ። የሰውየው ከንፈር ለፈገግታ ሲንቀሳቀስ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

"እንግዲያው ማክሰኞ የሚሠራ አድርጉት" አሉኝ። "እስከሚቀጥለው ቡና ክፍሉን ማንም አይነካውም።"

ማክሰኞ የሚሠራ አደረግነው። ስምንት ወር ፈጀብን። ሌዘሩንና ካሜራውን አንድ ወፍራም ድንጋይ ላይ አስረን፣ ድንጋዩን በግማሽ በተነፋ የሞተር ሳይክል የውስጥ ጎማ፣ ካላማዳሪ ላይ አስቀመጥን፤ ካላማዳሪውን ደግሞ አሸዋ በሞላ ሣጥን ውስጥ። ስንት ጊዜ እንደፈረሰ፣ ስንት ካላማዳሪ እንደፈነዳ ዳንኤል ይቁጠረው። በሚቀጥለው ኅዳር ኮንጋ ስንመለስ መፈልፈያው እያጓራ፣ ከረጢቱ እየተወረወረ፣ ያችኑ ጠጠር ከብርሃኑ ሥር አስቀመጥናት። ዳንኤል በሸሚዝ ኪሱ ዓመቱን ሙሉ ይዟት ነበር። ጠጠሯ ተኛች። እትዬ አስቴር ግን ሥራው በጸሎት ይከፈት ብለው ነበር፤ ተከፈተም፤ በዚህኛው እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ። በቀጣዩ እሁድ ከእናቴ ጋር ቅዳሴ ሄድኩ። ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ከፊት ሄደች።

እንግዲህ ከሦስት ቀን በፊት ለግራ ዓይኔ ሐዋሳ ተመለስኩ። ያው ወጣት ዶክተር፣ ያቺው ነርስ። አገጬን መደገፊያው ላይ አሳረፍኩ፤ ከኮሪደሩ የሚመላለስ አልጋ ወለሉን ሲያናውጠው እግሬ ሥር ይሰማኛል። ቀይዋ ነጥብ በራች። ከመጀመሩ በፊት፣ የሚቻል ከሆነ አንዴ እንጸልይ አልኩት። ዶክተሩ ፈርተዋል ብሎ አሰበ መሰለኝ፤ ይሁን። ጥሩ ቤት ያደገ ልጅ ነው፤ እጁን አጣምሮ ቆመ፣ ነርሷም በሩን ከፍታ ለኮሪደሩ ሰዎች ምልክት ሰጠች። አልጋው ቆመ። ኮቴው ቆመ። ሕንጻው በሙሉ ዝም ያለ መሰለኝ።

ደህና አድርጌ ጸለይኩ፤ ስለ ዳንኤል፣ ስለ እትዬ አስቴር ነፍስ፣ ስለ መኪናውም ጎማ። ከዚያ ጸጥታው ሳያልቅ ነጥቧን ተመለከትኳት። ወለሉ አይንቀጠቀጥም፣ ጠረጴዛው አይንቀጠቀጥም፣ እኔም እንደ ድንጋይ ተቀምጫለሁ። ጠበቅኋት። አልተኛችም። ቀይና ጥቁር ፍንጣሪዋ እንደ ልማዷ ይርመሰመሳል፣ ይፈላል፤ ከዓይኔ በቀር የሚያፈላት ነገር አልነበረም። ገና አልደረቅሁም ማለት ነው። "አሜን" አልኩና፣ አሁን ይጀምሩ አልኩት።